የነጎድጓድ አዲሷ የስምሪት ኃላፊ

መሥሪያ ቤቱም ሰፈሩም የሚያውቃት «ጠቅላይ» በሚለው ስሟ ነው። ስሙን ያወጡላት የአውቶቡስ ድርጅቱ ሾፌሮች ናቸው። የስምሪት ክፍሉ ኃላፊ ስለሆነች፣ የትኛው ሾፌር በየትኛው መስመር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የምትወስነው እሷ ናት። በዚያ ብቻ አታበቃም። ሾፌሩ የትኛውን ሹራብ ደርቦ መውጣት እንዳለበት፣ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ከሆነም በምን ቃል መታረቅ እንዳለበት አብራ ትነግረዋለች። የሚያናድደው ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆኗ ነው።

እንዲህ ያለችው ሴት ከቢሮው ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ በጄሶ ሲታሰርና ቤት ዋዪ ስትባል፣ መከራው የወደቀው አብራት በምትኖረው ታናሽ እህቷ በሚጢ ላይ ነው። ሚጢ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እናታቸው ስትሞት ገና ተማሪ ነበረች፤ ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት፣ የምትማረውንም የመረጠችላት ጠቅላይ ናት። በዚህ ሁሉ ዘመን ከሚጢ አፍ የወጣው ቃል «እሺ፣ እትዬ» ብቻ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ጠቅላይ አልጋዋ ላይ ሆና ምድጃ ላይ ያለውን ድስት ሳይቀር ታዝዝ ጀመር። ሚጢ «እባክሽ ዝም በይ» ማለት ቢያቅታት፣ ላፕቶፗን አምጥታ ታሪክ ታነብላት ያዘች። «ነጎድጓድ» የምትባል የጠፈር መርከብ ታሪክ ነው። ነጎድጓድነቷ በስም ብቻ ነው እንጂ ሞተሯ የሚያስነጥሰው አሮጌ ናት። ሠራተኞቿን ይዛ ከማታውቀው ፀሐይ ወደማታውቀው ፀሐይ ትጓዛለች። ካፒቴኗ ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን መርከቡ ሁሉ ቀጥ ይልላታል። ጠቅላይ ጄሶዋን ረሳች።

«እሰይ! ሴት ማለት እንዲህ ነው!» አለች። «ማነው የጻፈው?»

«ብዙ ሰዎች ነን። ድረ ገጽ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዝና የእሱን ብቻ ይጽፋል፤ ሌላው ደግሞ ይመልስለታል።»

«ነን? አንቺ የቷ ነሽ?»

ሚጢ አንገቷን ደፋች። «ካፒቴኗ። አራት ዓመት ሆነኝ።»

ጠቅላይ ከትራሷ ቀና ብላ እህቷን እንደ አዲስ አየቻት። ከእሺ በቀር የማታውቅ የምትመስለው ልጅ፣ አራት ዓመት ሙሉ መርከብ ስትመራ ኖራለች፤ ያውም ከግድግዳ ማዶ። ኩራት ሞላት፤ ትንሽ ቅናትም አልጠፋበትም። ቀጥሎ የተናገረችው ግን ራሷን የሚመስል ነበር።

«እኔም እገባለሁ።»

ነጎድጓድ ላይ መሳፈር ግን እንደ አውቶቡስ አይደለም። አዲስ ጸሐፊ የሙከራ ገጽ ይጽፋል፤ ሦስት ነባር ጸሐፊዎች ያዩታል። ካልጣማቸው አንድ ዕድል ይጨምሩለታል፤ ያንንም ካበላሸ በሩ ይዘጋል። ሚጢ ይህን ሁሉ አስረድታ፣ «እኔ ከዳኞቹ ውስጥ የለሁበትም፤ እህቴ መሆንሽንም ማንም አያውቅም» አለቻት።

«የሰው ርዳታ መቼ ፈልጌ አውቃለሁ?» አለች ጠቅላይ። ደንቡን አንብቢ ብትባልም፣ ደንብ ሲያስከብር የኖረ ሰው ደንብ አያነብም ብላ አለፈችው።

ገጸ ባሕርይዋን ወደ መርከቧ የተላከች አዲስ የስምሪት ኃላፊ አደረገቻት፤ ሌላ ምን ልታደርጋት! ኃላፊዋ መርከቧን ከመርገጧ መካኒኩን በስንፍናው ገሠጸችው፤ እሱም አልቅሶ ሞተሩን ባንዴ ጠገነው። ካፒቴኗ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» አለች። ሐኪሙና አብራሪዋ በዓይን ብቻ ሲፈላለጉ መኖራቸው ስላናደዳት ደግሞ በሁለት መስመር አጋባቻቸው። ጽፋ ስትጨርስ ለራሷ አጨበጨበችና ላከችው።

መልሱ የመጣው ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ከሆነው፣ ሐኪሙን ከሚጽፈው ሰው ነበር። «እንኳን ደህና መጡ። ብዕርዎ ጉልበት አለው፤ እየሳቅሁ ነው ያነበብኩት። ነገር ግን ሐኪሜን እኔን ሳያማክሩ ድረውታል። ያንን ፍቅር ሁለት ዓመት ሙሉ ቀስ እያልኩ ሳበስለው ነበር። እዚህ የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ አይነካም፤ የራስዎን ብቻ ጽፈው መልሱን ይጠብቃሉ። አንድ ዕድል ይቀርዎታል።»

የጠቅላይ ደም ፈላ። «ሁለት ዓመት ምን ይጠብቃል? ልጅቷ እስክታረጅ? አንቺስ ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

ሚጢ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ሥራ ልትወጣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ካፒቴኗ ይቅርታ አልጠየቀችም፣ እትዬ። አንቺ ነሽ ያስጠየቅሻት።»

«ታሪክ አይደል እንዴ!»

«ታሪክ ነው። እኔ ግን የምናገረው እዚያ ብቻ ነው። እዚያ እንኳ አፌን ተዪልኝ።»

ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ይህን ብላ ወጣች። ጠቅላይ ሆድ ባሳት። ለዚህች ልጅ ብላ ያልሆነችው ምን አለ? ስትቆጣ ቆየች፤ ቁጣው ሲበርድላት ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ አለ። ሚጢ የምትወደው ምን ዓይነት ቀለም ነው? መድኃኒት ቤቱንስ ወዳው ነው? የሁሉንም መልስ ታውቀዋለች፤ ሁሉንም የመለሰችው ግን ራሷ ናት። ማንም ሳያያት፣ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ክፉኛ አፈረች።

ሁለተኛውን ገጽ ስትጽፍ እጇ አልታዘዝ አላት። ኃላፊዋ የካፒቴኗን በር ታንኳኳለች፤ ካፒቴኗ ወዲያው «ግቢ» ትላታለች። ይሰረዛል። ካፒቴኗ ፈገግ ትላለች። ይህም ይሰረዛል። «ሾፌር ማሰማራት ከዚህ በስንት ጣዕሙ!» እያለች አጉረመረመች። ብዙ ደክማ በመጨረሻ የተረፋት ይህ ብቻ ነበር፦

«ኃላፊዋ በሩን አንኳኳች። ‹ካፒቴን፣ ለሠራተኛው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ስትነግሪ ሰምቻለሁ። አንቺ ራስሽ ወዴት መሄድ ትፈልጊያለሽ?› አለች። ከዚያ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀች።»

ላከችው። ሚጢ ያን ቀን ዕረፍት ነበረች፤ በወዲያኛው ክፍል ስትጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል፤ ቆም ይላል፤ እንደገና ይጀምራል። «ሚጢ! ደረሰሽ ወይ?» ብሎ መጣራት ይበቃ ነበር። ጠቅላይ አፏን በእጇ ግጥም አድርጋ ያዘች። ሾፌሮቹ ይህን ቢያዩ ድግስ ይደግሱላት ነበር።

መልሱ መጣ። «ካፒቴኗ በሩን ከፈተች። ‹ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም› አለች። ‹የምፈልገው ትንሽ መርከብ ነው፤ የራሴ። ከሩቅ ወደብ፣ ነይና ምሪልን ብለውኛል። ያሳደገችኝ ሰው እንዳይከፋት ብዬ እስካሁን መልስ አልሰጠሁም።›»

ከሥሩ ሐኪሙን የሚጽፈው ሰው አክሎበታል፦ «ሦስታችንም ተስማምተናል። ከእንግዲህ የነጎድጓድ ሰው ነዎት።» ጠቅላይ ይህን ስትጓጓለት የነበረውን ቃል አንዴ አይታ አለፈችው። ዓይኗ «ያሳደገችኝ» ከሚለው ላይ አልነቀል አለ። ሩቅ ወደብ የተባለው ሌላ ከተማ፣ ትንሿ መርከብም ሚጢ ኃላፊ ሁኚ የተባለችበት መድኃኒት ቤት መሆኑ ወዲያው ገባት፤ ልጅቷ መሄድ ትፈልጋለች።

አሁን ተራው የጠቅላይ ነው። «አትሂጂ» የሚለው ጣቷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። «ሂጂ» ብላ ጻፈች። ደግ ቃል ነው፤ ግን እሱም ትእዛዝ ነው። ሰረዘችው። ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው የራሷ ልብ ነበር፤ የራስን ገጸ ባሕርይ ልብ ለመጻፍ ደግሞ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም።

«ኃላፊዋ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሳቀች» ብላ ጻፈች። «‹ካፒቴን› አለች፣ ‹ኮራሁብሽ። ከዚህ ቀደም ሳልነግርሽ ቀርቼ ነው እንጂ፣ ሁሌም ኮርቼብሻለሁ።›»

ላከችው። ከግድግዳው ማዶ ወንበር ተገፋ፤ ከዚያ ሚጢ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ተሰማ። ጠቅላይ ክራንቿን ጨብጣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ «እትዬ» ተብላ እስክትጠራ ድረስ ግን አልተነሣችም።