አስተርጓሚዋ ከአጥሩ ማዶ

«ደሙ ከመቼ ጀምሮ ነው ይልሻል!» ብላ ጮኸች አሰጋሽ፣ የሽቦውን አጥር በሁለት እጇ ይዛ።

«ከትናንት ማታ» አለች በመስኮቱ ውስጥ አልጋ ላይ የተኛችው ልጅ። አሰጋሽ ይህን ወደ ዓረብኛ መልሳ ለሐኪሙ ጮኸችለት። በአጥሩና በመስኮቱ መካከል ያለው ቢበዛ ሦስት እርምጃ ነው። የግቢው በርም ወለል ብሎ ተከፍቷል። አሰጋሽ ግን አትገባም፤ ምላለች።

ሱዳን ውስጥ፣ በሾዋክ ከተማ አጠገብ ባለው በዚህ የስደተኞች መጠለያ ክሊኒክ አምስት ጊዜያዊ ሠራተኞች አሉ፤ አሰጋሽ አስተርጓሚ፣ ዩኑስ ዘበኛ፣ ዘሐራ ልብስ አጣቢ፣ ተሻለና አንዳርጋቸው ደግሞ ጽዳት ናቸው። ሦስት ወር ያሠሯቸውና «ዕረፍት» ብለው ዐሥር ቀን ያስወጧቸዋል፤ ከዚያ እንደ አዲስ ይቀጥሯቸዋል። ዓመት ሞላን፣ ቋሚ አድርጉን እንዳይሉ ነው። ስድስት ዓመት በዚህ ሁኔታ ሄደ። በሽታ ዕረፍት አያውቅምና፣ በዐሥሩ ቀንም ኃላፊው አብዱልናስር «ለነፍሳችሁ ብላችሁ» እያለ ያስጠራቸዋል። እነሱም ለነፍሳቸው ብለው በነጻ ይሠራሉ። ነፍሳቸው መቼም ሳትጸድቅ አትቀርም።

ዘንድሮ ግን መረራቸው። አንድ ቋሚ ቦታ ተፈቅዷል የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ስድስት ዓመት አብረው የበሉ ሰዎች በጎሪጥ መተያየት ጀመሩ። ይሄኔ ዩኑስ ሰበሰባቸው። እሱና ዘሐራ በአላህ፣ ሌሎቹ በሚካኤል ማሉ፤ አምስቱም ቋሚ ካልሆኑ በዕረፍቱ ቀን በሩን የሚያልፍ የለም።

አሰጋሽ ግን ቋሚነቱን ከሁሉም አብልጣ የምትሻበት ምክንያት ነበራት። ልጇ ሂያም ገዳሪፍ ተድራ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ስደተኛ ደግሞ ተስሪህ የሚሉት የጉዞ ፈቃድ ከሌለው ኬላውን አያልፍም፤ ያለ ፈቃድ የሚያልፈው የቋሚ ሠራተኛ መታወቂያ የያዘ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ፈቃድ ጠይቃ ሁለት ጊዜ «ቡክራ» ብለው መለሷት፤ ነገ ማለታቸው ነው፤ ነገ ግን አልመጣም። እናት በሕይወት እያለች ልጅ ብቻዋን ስታምጥ፣ ይህን ማሰብ ያንገበግባል።

በመሐላው በአራተኛው ቀን ነው እንግዲህ እየሩስ የምትባለው ይህች ነፍሰ ጡር ከቁረይሻ ሰሊጥ እርሻ በትራክተር ተጭና የመጣችው። እሷም ባሏ ባንታምላክም ከጎንደር ቆላ ለአጨዳ የመጡ ናቸው፤ ዓረብኛ አያውቁም። ሐኪሙ አማርኛ አያውቅም። ዩኑስ ጢሙን እያሻሸ አሰበና ፈረደ።

«የማልነው በሩን እንዳናልፍ ነው፤ ስለ አጥሩ ማን አነሣ? ከውጭ ሁነሽ አስተርጉሚ።»

ሁሉም ደስ አላቸው። መሐላም አልፈረሰ፣ ሰውም አልተበደለ።

«የወሰደችው ነገር አለ ወይ?» አለ ሐኪሙ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። ፊቱ አላማራትም።

«የወሰድሽው መድኃኒት አለ ወይ ይልሻል! የጠጣሽው ነገር!»

እየሩስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሰጋሽ ደግማ ጮኸች። ልጅቱ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ከአሰጋሽ ጀርባ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ከሠራተኞቹ ጋር የተቀመጠውን ባሏን አየች።

«ምንም አልወሰድሁ።»

«እርግጠኛ ናት?» አለ ሐኪሙ። «ካላወቅሁ የምሰጣት መድኃኒት ሊገድላት ይችላል።»

አሰጋሽ ያኔ ገባት። አጥር ላይ እየተጮኸ ማን ገመናውን ያወጣል? እጇን ከሽቦው አነሣችና ወደ በሩ ሄደች።

«እታለም! ወዴት ነው?» አለች ዘሐራ ብድግ ብላ።

አሰጋሽ በሩን አልፋ ገባች፤ መስኮቱን ዘግታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አሁን ማንም አይሰማሽ። ንገሪኝ።»

«ኮሶ ጠጣሁ፤ እጥፉን» አለች እየሩስ በሹክሹክታ። «የእርሻው ወኪል ነፍሰ ጡር አላሠራም አለኝ። ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ... ባሌ ልጅ ልጅ ሲል አምስት ዓመቱ ነው። ቢሰማ አይምረኝም። በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ እቴዋ!»

«ከሐኪሙ በቀር ማንም አይሰማም» አለች አሰጋሽ።

ለሐኪሙ ነገረችው። እሱም የያዘውን መርፌ አስቀምጦ ሌላ አስመጣ። እኩለ ቀን ላይ ደሙ ቆመ። እየሩስ ተረፈች፤ ፅንሱ ግን አልተረፈም።

አሰጋሽ ከክፍሉ ስትወጣ አብዱልናስር መዝገብ ታቅፎ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ማሻላህ፣ አሰጋሽ! ከአምስቱ ልብ ያለሽ አንቺ ነሽ። ቦታው ያንቺ ነው። እዚህ ላይ ፈርሚ፤ መታወቂያሽ እሑድ ይደርሳል።»

«አራቱስ?»

«አራቱ ዕረፍት ላይ ናቸው።»

እስክሪብቶውን ተቀበለች። እሑድ መታወቂያ፣ ሰኞ ኬላ፣ ከሰዓት የሂያም ቤት። ስሟን ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ሳትፈርም እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ አኖረችው።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚሁ ነኝ፤ አስቢበት» አላት።

ከበሩ ውጭ አራቱም ቆመው ይጠብቋታል። ባንታምላክ ከሁሉም ቀደመ።

«ሚስቴስ?»

«ድናለች። ሽሉ ግን ወረደ፤ እግዜር ያጽናህ።»

ፎጣውን ፊቱ ላይ አደረገ። ዩኑስ አንገቱን ደፍቶ ከጠበቀው በኋላ ወደ አሰጋሽ ዞረ።

«ከዚህ ሁነሽ እየተናገርሽ፣ እሷም እየመለሰች፣ ምን አስገባሽ? ምክንያት ካለሽ ተናገሪ፤ እኛም ሰው ነን።»

እውነቱን ብትነግረው ከመሐላው እንደሚፈታት ታውቃለች። አጥሩን የፈቀደ ሰው ይህን አይከለክልም። ባንታምላክ ግን ፎጣውን ከፊቱ አውርዶ ትክ ብሎ ያያታል።

«እውነት ነው» አለ። «መስኮቱንም ዘጋሽው። ምን ነገረችሽ?»

«ምንም አልነገረችኝ» አለች አሰጋሽ። ከዚያ ወደ ዩኑስ ዞረች። «ቋሚነቱን ፈልጌ ነው የገባሁ፣ አያ ዩኑስ።»