የፈረሰኛው ልጅ ሞተር

የመጀመሪያ ሞተሩን ሊገዛ የሚመጣ ሰው፣ ሞተር ነድቶ የማያውቅ አማካሪ ይዞ ነው የሚመጣው። ቡራዩ ላይ ጋራዥ ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከዚህ የወጣ ገዢ አላየሁም። አንዱ አጎቱን ያመጣል፣ አንዱ የንስሐ አባቱን፣ አንዷ እጮኛዋን። ገዢው ጥግ ይዞ ይቆማል፤ አማካሪው ጎማውን በጫማው እየመታ ዋጋ ይጠይቃል። ኤርምያስ እባላለሁ። ሞተር እጠግናለሁ፣ ያገለገለ ሞተርም ገዝቼ እሸጣለሁ። ትዕግሥት የለህም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ዱርሲቱ የመጣችው ግንቦት ውስጥ በአንድ ጠዋት፣ ከአባቷ ጋር ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ ስታናግር ዓይን ዓይን ታያለች። ከብት ማዳቀል ተምራ፣ ሱሉልታ ያለ አንድ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ለሦስት ወር ሙከራ ቀጥሯታል። ሥራው ቀልድ አያውቅም። የገበሬው ላም ጠዋት ኮርማ መፈለጓ ከታወቀ፣ ዱርሲቱ ከሰዓት በኋላ ዘሩን ይዛ መድረስ አለባት። ካለፈ አለፈ፤ ሌላ ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው፣ ያን ያህል ጊዜ ደግሞ ላሟ ያለ ጥቅም ስትበላ ትከርማለች። የማኅበሩ አባላት እስከ ጫንጮ ድረስ ተበታትነው ነው የሚኖሩት። ሚኒባስ ዋናውን መንገድ እንጂ የገበሬ ደጅ አያውቅም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቦጂያ ሳይሸፋፍኑ ነግረዋታል፤ ሞተር ካለሽ ሥራው ያንቺ ነው፣ ከሌለሽ ሌላ ሰው እንፈልጋለን። መንጃ ፈቃዱን በማሠልጠኛ ሞተር ተምራ አውጥታለች። የቀራት የራሷ ሞተር ነበር።

አባቷ ኦቦ ዲሪባ ፈረሰኛ ናቸው። በሱሉልታ ሜዳ ላይ በወጣትነታቸው የጋለቡት ግልቢያ ዛሬም ይወራል። ለልጃቸው ሞተር ሁለት ወይፈን ሸጠዋል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በእጃቸው አለንጋ ይዘዋል። አለንጋ ይዞ ሞተር ሊገዛ የመጣ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

"አካም ጂርታ፣ አንተ መካኒክ" አሉኝ። "ለልጄ የሚሆን ጥሩ ነገር አሳየኝ።"

ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሞተሮች ቆመዋል። አንደኛዋ ግራጫ ናት፤ ዝቅ ያለች፣ ቀለሟ እዚህም እዚያም የተላጠ። ሰበታ ያለ አንድ አስተማሪ ሰባት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሶባታል። እንድሸጥለት እኔ ጋ አስቀምጧት የሄደው እሱ ነው። መልኳ አያምርም እንጂ ሞተሯ ጤነኛ ነው። ሁለተኛው ቀይ ነው፤ ረጅም፣ ለኮረኮንች የተሠራ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ የቀሰረ። ቀዩ የራሴ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ገዢ አጥቶ ቦታ ይዞብኛል። ይህን ልብ በሉልኝ።

ዱርሲቱ ማንንም ሳታስፈቅድ ግራጫዋ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም እግሮቿ ከነተረከዛቸው መሬት ረገጡ። መሪውን ግራና ቀኝ አዞረች፣ በእግሯ እየገፋች ወደ ኋላ ወደ ፊት አለች።

"አባ፣ ይቺ ትሆነኛለች" አለች።

ኦቦ ዲሪባ ፊታቸውን አዞሩ። "ውረጂ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ሰው ሳያይሽ ውረጂ።"

"ምን ሆነች?"

"እግርሽ መሬት ይነካል። እግሩ መሬት የሚነካ፣ በአህያ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው ነው። የፈረሰኛ እግር አየር ላይ ነው የሚውለው። የእኔ ልጅ በሰው ደጅ እግሯን እየጎተተች ልትደርስ ነው?"

ከዚያ ወደ ቀዩ ሄዱ። እንደ ፈረስ ነው የመረመሩት። ፊት ለፊቱ ቆመው ቁመናውን አዩ፣ ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ በስተኋላው ዞረው ከፍታውን በክንዳቸው ለኩ። "ይሄ ነው" አሉ። ዱርሲቱ ወጣችበት። የግራ እግሯ በጣቷ ጫፍ ብቻ መሬቱን ዳበሰ፤ ቀኙ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"ኦቦ ዲሪባ" አልኳቸው፣ "ፈረስ አራት እግር አለው፣ ሲቆምም በራሱ ይቆማል። ይሄ እግር የለውም፤ በቆመ ቁጥር እግሩ እሷ ናት። ለጀማሪ ሁለቱም እግር መሬት ሲረግጥ ነው የሚሻለው።"

"እንግዲያው አትቁማ!" አሉኝ። "ማን ቁሚ አላት?"

ዱርሲቱ አየችኝ። ደግሜ እንድናገር ነበር የፈለገችው፣ አልጠፋኝም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዓይኔን ወደ መፍቻዎቼ መለስኩ። በአባትና በልጅ መካከል ምን አገባኝ፣ አልኩ በሆዴ። እንዲህ ያልኩት ግን ቀዩ የራሴ ስለሆነ ነው።

"እንዳልከው ይሁን፣ አባ" አለች ዱርሲቱ። በማግስቱ ቀዩ በጭነት መኪና ወደ ሱሉልታ ሄደ።

ሕሊናዬን ላባብል ሦስት እሑድ እየሄድኩ አለማመድኳት። ስትነዳ የሚወጣባት እንከን የለም። ማርሽ ስትቀይር ሞተሩ አይነጫነጭም፤ ኮረኮንቹን ስታየው ቀድማ ታውቀዋለች። ችግሩ መቆሙ ላይ ነው። ለእሱም የራሷን ዘዴ አበጀች። በየገበሬው ደጅ አንድ ድንጋይ ወይም የእርከን ጫፍ መረጠችና እዚያ አጠገብ ብቻ መቆም ጀመረች፤ እግሯን ድንጋዩ ላይ ታሳርፋለች። የአርባ ሦስት ቤት ድንጋይ በቃሏ ታውቃለች። እኔም ሞኙ፣ ጎበዝ ብዬ አደነቅኋት። አንዲት ጀማሪ አርባ ሦስት ድንጋይ የምትሸመድደው ሞተሩ ልኳ ስላልሆነ መሆኑን ለመናገር አሁንም አፌ አልተከፈተም።

ሐምሌ ገባ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ወይዘሮ ሸዋነሽ ደወሉ። ከጫንጮ መንገድ ገባ ብለው የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ያለቻቸው አንድ ላም ናት። ላሚቱ ኮርማ ፈልጋለች። ዱርሲቱ ዘሩ ያለበትን፣ በፈሳሽ ናይትሮጂን የሚቀዘቅዘውን ጋን ከኋላዋ አስራ ወጣች። ወይዘሮ ሸዋነሽ ቤት ለመድረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀራት፣ ጥቁር አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ ሊጥ የሆነበት ቦታ ላይ፣ በጎች መንገዱን ዘጉባት። ፍሬን ያዘች፤ ሞተሩ ቆመ። በአካባቢው ድንጋይ የለም። የግራ እግሯ መሬት ሲፈልግ ያገኘው የጋሪ ጎማ የቦረቦረውን ጉድጓድ ነው። ሞተር ቆሞ ሲወድቅ ቀስ ብሎ ነው የሚወድቀው፤ ሰው ለማዳን ይሞክራል፣ አይችልም። ቀዩ እግሯ ላይ ተጋደመ። የጋኑ ክዳን ተከፍቶ ፈሳሹ ጭቃው ላይ እየጨሰ አለቀ፤ ዘሩ በሙሉ ተበላሸ። መንገደኛ ደርሶ ሞተሩን እስኪያነሳላት አንድ ሰዓት ያህል ከሥሩ ተኝታ ነበር። አጥንቷ አልተሰበረም። ቀኑ ግን አለፈ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ድሮስ ሴት ለሞተር፣ ያላለ ሰው የለም። ኦቦ ቦጂያ ቢሯቸው ጠሯትና፣ "ላሚቱ ከሃያ አንድ ቀን በኋላ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች" አሏት። "ያን ቀን በሰዓቱ ከደረስሽ ደረስሽ። ካልደረስሽ ጋኑን አስረክቢ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፣ ግን ላም ይቅርታ አታውቅም።"

በአራተኛው ቀን ጋራዤ መጣች፤ ብቻዋን፣ እያነከሰች፣ ቀዩን በጭነት መኪና አስጭና። አልተቀመጠችም።

"ጋሽ ኤርምያስ፣ ያን ቀን እንደማይሆነኝ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አንዴ ብቻ ተናግረህ ዝም አልክ?"

"ቀዩ የራሴ ነበር" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? አፈርኩ። አርባ አንድ ዓመት ኖሬ፣ በዚያች ደቂቃ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወደ ግራጫዋ ሄዳ መቀመጫዋን በእጇ ዳሰሰች። "እኔም እኮ አንዴ ብቻ ነው የተናገርኩት" አለች።

ግራጫዋን ከአስተማሪው ገዝቼ በቀዩ ቀየርኩላት፤ የዋጋውንም ልዩነት መለስኩ። ጭቃ እንዳይወትፈው የፊት ጎማዋን ጭቃ መከላከያ ከፍ አድርጌ አሰርኩት። አባትሽስ ምን ይላሉ፣ አልኳት። አልነገርኩትም አለች። ኋላ እንደሰማሁት፣ ኦቦ ዲሪባ ግራጫዋን በረታቸው አጠገብ ቆማ ባዩ ጊዜ ፊታቸውን አዙረው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮም ልጃቸው በምትወጣበት ሰዓት ከቤት ይጠፉ ነበር።

ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። ሥራው እንደጸናላት አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ላሚቱም አርግዛለች፣ ኦቦ ቦጂያም ጋኑን አልጠየቁም። በዚህ ልባችሁ እንዲንጠለጠል አልፈልግም። እኔ ልነግራችሁ የፈለግኩት መንገድ ላይ ያየሁትን ነው።

አልጠራችኝም፤ በራሴ ጊዜ ነው የሄድኩት፣ ቀዩን ነድቼ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ወይዘሮ ሸዋነሽ የደወሉት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እሷ እንደ ሥራው ደንብ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣች፣ እኔም ራቅ ብዬ ተከተልኩ። ያ የወደቀችበት ቦታ ስንደርስ ጭቃው ከበፊቱም ብሶ ነበር። ዱርሲቱ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ሁለቱንም እግሮቿን አወረደችና በእግሯ እየቀዘፈች ገባችበት። ቦቲዋ እስከ አፉ ጠለቀ። ሰው በእግሩ ቢሄድ ይቀድማት ነበር። አልወደቀችም እንጂ ለዓይን የሚያምር ነገር አልነበረም። ከኋላ ያለሁት እኔ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሞተር የነካካሁት፣ ቀዩ ላይ ሆኜ ሁለቴ ልደፋ ነበር።

የገበያ ቀን ስለነበረ ከፊት ለፊት ፈረሰኞች መጡ፤ ሰባት ይሆናሉ። የሁሉም ታላቅ ኦቦ ዲሪባ ነበሩ። ለገበያ የሚለብሱትን ነጭ ጋቢ ደርበዋል፣ ጫማቸው አዲስ ነው። ልጃቸውን አዩ። እሷም አየቻቸውና ዓይኗን ወዲያው ወደ ጭቃው መለሰች።

ከፈረሰኞቹ አንዱ፣ ሰፈሩን የማያውቅ ጎልማሳ፣ ሳቀ። "ኢንተልቲ ቱን ካን ኤኙቲ?" አለ ጮክ ብሎ። ይቺ ልጅ የማን ናት፣ ማለቱ ነው። "ሞተር ነው ወይስ አህያ የምትነዳው?" ሌሎቹም ሳቁ።

ኦቦ ዲሪባ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ሲያደርጉ ሊሸፈኑ ነው ብዬ ጠላኋቸው፤ ከልቤ ነው የጠላኋቸው። ጋቢውን ግን ወደ ትከሻቸው ጣሉት። ልጓሙን ያዙና እግራቸውን ከእርካቡ አውጥተው ወረዱ። አዲሱ ጫማ ጭቃ ውስጥ ገባ።

በዚያ አገር ሰው ከፈረስ የሚወርደው ለሚያከብረው ነው፤ ለሽማግሌ፣ ለቄስ፣ ለሐዘንተኛ። ለገዛ ልጁ የወረደ አባት አይቼ አላውቅም፣ ሰምቼም አላውቅም።

"ካን ኮቲ" አሉ። የእኔ ናት። "ሥራ ላይ ናት። መንገድ ልቀቁ።"

ታላቅ ሰው በእግሩ ቆሞ ታናሽ ፈረስ ላይ አይቀመጥም። አንድ በአንድ ወረዱ። መጀመሪያ የሳቀው መጨረሻ ወረደ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዋጠው። ሰባት ሰዎች ፈረሶቻቸውን ይዘው በመንገዱ ዳርና ዳር ቆሙ። ዱርሲቱ በእግሯ እየቀዘፈች በመካከላቸው አለፈች። አባቷ አጠገብ ስትደርስ ቀና አለች፤ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር።

"ሂጂ፣ ልጄ፣ ላሟን አታስጠብቂ" አሏት።

ከጭቃው ወጥታ ማርሽ ቀየረችና ሄደች። ኦቦ ዲሪባ ከዓይን እስክትሰወር ድረስ ፈረሳቸው ላይ አልወጡም፤ ስለዚህ ስድስቱም አልወጡም።