እትዬ አንድ ደቂቃ

«መጀመሪያ የመጡ ቀን መለስኳቸው» አለች የከተማው ምክር ቤት እንግዳ ተቀባይ፣ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ። «በማግስቱ ሲመጡ ‹ሰብሳቢው የሉም› ብዬ ዋሸኋቸው። እትዬም ‹እሺ፣ እስኪመጡ አንድ ደቂቃ ልቀመጥ› አሉኝ። ተቀመጡ። ምሳ ወጥቼ ስመለስ እዚያው ናቸው። ሰብሳቢው ደግሞ ውስጥ ነበሩ እኮ! እትዬን ፈርተው መውጣት አቅቷቸው ጾማቸውን ዋሉ።»

ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። ለቅሶ ቤት መሳቁ ያሳፈረው አንድ ጎረቤት ሳቁን ሳል አስመስሎ ጨረሰው። የሟች ባል ግን ከሁሉም በላይ ሳቀ። ጡረታ የወጣ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ዓይኑን በመሀረብ ሲጠርግ የሳቅ እንባ ይሁን የሐዘን የጠየቀው የለም።

«ሳቁ፣ ሳቁ» አለ። «የተኮሳተረ ሰው ሥልጠና አይገባውም ትል ነበር።»

ከቀብሩ ወዲህ ሦስተኛው ቀን ነው። የሟች የእህት ልጅ ትሪ ይዛ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ሥራዋ የተቀዳ ድምፅና ምስል እየቆረጡ መቀጠል ስለሆነ አክስቷ «መቀስ» ብላታለች፤ ስሙም በዚያው ጸንቶ ቀርቷል። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷ አልሳቀችም። አንዲት ውሸት ሆዷን ትበላታለች፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ምክር ቤቱ አክስቷ ስላዘጋጀችው ሥልጠና ይወስናል።

አክስቷ ሠላሳ ዓመት የሕፃናት ክፍል ነርስ ነበረች። ጡረታ በወጣች በሳምንቱ ቤት መዋል ሰለቻትና ከልጆች ጋር ለሚሠራ ሰው ሁሉ የሚሆን ሥልጠና ጻፈች። ልጅ ሲጎዳ ምልክቱ ምንድን ነው፣ ምስጢሩን ሲያወጣ ምን ይባላል፣ ለማንስ ይነገራል የሚል፣ ማንም በስልኩ ከፍቶ በአርባ ደቂቃ የሚጨርሰው የኢንተርኔት ሥልጠና። ከዚያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የምክር ቤቶችንና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን በር ማንኳኳት ጀመረች። «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብላ ትገባለች፤ የገባችበት ቢሮ የዕለቱ ሥራ አበቃለት። በየመሥሪያ ቤቱ «እትዬ አንድ ደቂቃ» መባሏን ስትሰማ ከመቀየም ይልቅ ቢዝነስ ካርዷ ላይ አሳተመችው።

የሥልጠናውን ድምፅ አክስቷና መቀስ የቀዱት ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፣ ማሚቶ እንዳይገባ ብለው በተንጠለጠሉ ኮቶች መሃል ተጣበው። ሁለቱም ላብ በላብ ሆነዋል። አክስቷ የመጨረሻውን ገጽ አንብባ ስታበቃ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ጨመረች፦ «ጥያቄ ያለው እጁን ያንሳ።» ከዚያ ዝም አለች።

«አክስቴ፣ የተቀዳ ነገር ነው እኮ። እጁን ቢያነሳ ማን ያየዋል?»

«ባይታይስ? እጁን ያነሳ ሰው ጥያቄውን አስቦታል ማለት ነው።»

«ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። አሥር ሰከንድ ዝም ብዬ እጠብቃቸዋለሁ። እሷን እንዳትነኪያት፤ መቀስሽን ሰብስቢ።»

ባለፈው ወር ከምክር ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ሥልጠናው መልካም ነው፣ ነገር ግን ይጠር፣ ቀልዱ ይቀነስ፣ ድምፁም የወጣት ይሁን የሚል ነበር። አክስቷ ያኔ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። መቀስ ለስላሳ ድምፅ ያላትን የሥራ ባልደረባዋን አስነብባ፣ አርባውን ደቂቃ ሃያ ሁለት አድርጋ ላከችው። ከሁሉ በፊት የተቆረጡት አሥሩ ሰከንዶች ነበሩ።

«ላክሽው?» አለቻት አክስቷ ከአልጋዋ ላይ።

«ልኬዋለሁ።»

«እጅ ማንሳቷ አለች?»

«አለች።»

አክስቷ ጣቶቿን ጨበጥ አድርጋ «ጎበዝ» አለቻት። መቀስን የሚበላት ይኸው ነው።

በሩ ተከፈተና አንድ የዋና አሰልጣኝ ጎንበስ ብሎ ገባ። ለልጆች ዋና የሚያስተምር በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ በር የሚሞላ ሰው ነው። የሚችለው ወንበር ስላጣ መቀስ አጠገብ ቆመ።

«እግዜር ያጥናሽ። እትዬ ገንዳው ዳር ተቀምጠው ‹ካልወሰድከው አልነሳም› ብለውኝ ነው ሥልጠናውን የወሰድኩት። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ፣ ብቻዬን፣ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። ከዚያ ‹እጁን ያንሳ› አሉ። ብታምኚኝም ባታምኚኝም አነሳሁ። አንስቼ ደግሞ ሰው አየኝ ወይ ብዬ ዞር ዞር አልኩ።»

«ለምን አነሳህ?»

«እንጃ። እሳቸው ዝም ሲሉ ጥያቄ መጣብኝ። ልጁ ‹ለማንም አትንገር› ቢለኝስ? ደወልኩላቸው። ‹ቃል አትግባለት› አሉኝ። ‹ሊረዱት ለሚችሉ ብቻ እንደምትናገር ንገረውና አዳምጠው። አትመርምረው። እንዳለው ጻፈው፣ በዚያው ቀን አሳውቅ።›» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሁለት ወር በኋላ አንዲት ልጅ እንደዚያው አለችኝ። ባልጠይቅ ኖሮ ‹እሺ፣ አልናገርም› እላት ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን በጀርባዋ ትዋኛለች። እየዋኘች ታወራለች፣ ውሃ ይገባባታል፣ አስላ ትቀጥላለች።»

መቀስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

የምክር ቤቱ ሰብሳቢ የደረሰው ይኼኔ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ የሟችን ባል አጽናና። ከዚያ ሰዓቱን አየና «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው ያለኝ» አለ። ቤቱ እንደገና በሳቅ ፈነዳ። ሰብሳቢው ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

ወደ መቀስ ዞረ። «የላክሽልን ደርሶናል። አጭር ነው፣ ንጹሕ ነው። ነገ ያልፋል። ሠራተኛውም በጎ ፈቃደኛውም፣ ከልጅ ጋር የሚሠራ ሁሉ ይወስደዋል።»

አክስቷ አራት ዓመት በር ያንኳኳችለት ነገር ይኸው ነበር። መቀስ ዝም ብትል ያልቅላታል። ብትናገር ጉዳዩ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ሊገፋ ይችላል። ትሪውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«የላክሁልዎ የሷ አይደለም» አለች። «ቆርጬዋለሁ። የሚያስፈልገውን ነው የቆረጥኩት። አልቆረጥኩም ብዬም ዋሸኋት።»

የሟች ባል ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ነገ ጠዋት እኮ ነው» አለ ሰብሳቢው። «አሁን ይቀየር ከተባለ...»

«አንድ ደቂቃ ይበቃናል» አለች መቀስ።

እንግዳ ተቀባይዋ ብድግ ብላ «ባርኔጣዎን ልያዝልዎ» አለችና ይዛው ተቀመጠች፤ ወንበሯንም በሩ ላይ አደረገችው። መቀስ ላፕቶፗን አምጥታ ብርጭቆዎቹ መሃል ያልተቆረጠውን ቅጂ ከፈተችና ትሪዋን ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ በር ተመለሰች።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ የአክስቷ ድምፅ። «ሌላ ነገር የምትነካኩ ካላችሁ ተዉ።» ሰብሳቢው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«መጣች» አለ የሟች ባል፣ ኮሌታውን እያስተካከለ።

«‹እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም› የምትሉ፣ እናንተን ነበር የምፈልገው። ጠጋ በሉ።» ሰብሳቢው ወንበሩን ሳበ። ደቂቃዋ አርባ ሆነች፣ ሰዓቱን ግን ዳግመኛ አላየም።

«ጥያቄ ያለው እጁን ያንሳ።»

ከዚያ የቁም ሣጥኑ ዝምታ መጣ፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። የአሰልጣኙ እጅ ወደ ጣሪያው ወጣ። እንግዳ ተቀባይዋ ባርኔጣውን እንደያዘች እጇን አነሳች። ሰብሳቢው ግራ ቀኙን አየ፣ ከዚያ የእሱም እጅ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ጎሽ፣ አየኋችሁ» አለ ድምፁ። «አሁን አውርዱ።»

«ሥልጠናው ውስጥ እትዬ ‹በዚያው ቀን አሳውቁ› ብለዋል» አለ ሰብሳቢው። «እኛ ጋ የሚነገረው ለማን ነው?» እንግዳ ተቀባይዋ ትከሻዋን ሰበቀች። «ይኼንን እንኳ አናውቅም ማለት ነው። ነገ ይቺኛዋን ይዤ ነው የምገባው፣ ቀልዷንም ጭምር።»

እጆቹ ሁሉ ወረዱ። የወጥ ቤቱ በር ላይ ግን አንድ እጅ እንደተነሳ ነበር። ሰዓት ጠጋኙ ተነስቶ ትሪውን ከሌላው እጇ ተቀበላት፤ የተነሳውን ተወላት።