የሽመናው ክፍል ልጅ

ሰው ሲያናግርህ ፊትህን አታዙር። ጡሩምባ በልጅነቱ ከተማረው ሁሉ ቀድሞ የተማረው ይኼንን ነው።

ያደገው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥግ፣ የሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ ነው። ያሳደገችው አክስቱ የሽመናው ክፍል ሠራተኛ ነበረች። እዚያ ክፍል ውስጥ ማሽኖቹ ሲነሡ ሰው የገዛ ሐሳቡን እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ ድምፃቸውን ትተው በአፍ ቅርጽ ብቻ ማውራት ለምደዋል። ከንፈር ተለጥጦ፣ ምላስ ወጣ ገባ ብላ፣ ቅንድብ ተሰቅሎ፣ ሐሜቱም ቀልዱም ምክሩም ያለ አንዲት ድምፅ ያልቃል። ሰውን ከኋላው መጥራት ከንቱ ድካም ነው፤ ፊት ለፊቱ ትሄድና አገጩን በሁለት ጣት ይዘህ ወደ ራስህ ታዞረዋለህ። ያለው ካልገባህ አመልካች ጣትህን አየር ላይ ታሽከረክራለህ፤ "ድገምልኝ" ማለት ነው። እየተናገረህ ፊትህን ካዞርክበት ግን አለቀ፤ ከነነፍሱ እንደቀበርከው ይቆጠራል።

ከፋብሪካው ሲወጡ ደግሞ ይጮሃሉ፤ ግማሽ ጆሯቸውን እዚያው ማሽኑ ሥር ጥለው ነውና የሚወጡት። ፍቅራቸውም ጩኸት ነው። የሚወዱትን ይሰድባሉ፣ ጀርባውን ይደልቃሉ። ምግብ የጣፈጣቸው እንደሆነ የሠራችውን "እጅሽ ይቆረጥ!" ይሏታል፤ እሷም ደስ ብሏት "ያንተ ምላስ ይቅደም!" እያለች ትጨምራለች። በዚህ መሀል ያደገ ልጅ ድምፁ ጡሩምባ ቢሆን ምን ይገርማል? ስሙን ያወጣችለት አክስቱ ናት። ከዚያ ሰፈር ሴቶች "ልጄ" የማትለው አልነበረችም።

ከወለደችው በቀር።

የወለደችው የአክስቱ ታናሽ እህት ናት። ባሏ ልጁ ሳይወለድ ሞተባትና ሥራ ስታፈላልግ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ቤት ተቀጠረች። ዳኛው የማይለቅ ራስ ምታት ነበረባቸው። እዚያ ቤት ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር አይጋጭም፣ የሕፃን ነገርማ ጭራሽ አይታሰብም። ሕፃኑ አክስቱ ጋ ቀረ።

"በልጅነታችን እኮ ለፍላፊዋ እሷ ነበረች!" ትላለች አክስቱ ነገሩን ባነሣች ቁጥር። "እናታችን አፏን በክር ልትሰፋው ምንም አልቀራት። ሄዳ ሄዳ ዳኛው ቤት ሰፉላት።"

ጡሩምባ ስለ እናቱ ከራሱ ያለው ትዝታ አንድ ነው። የፋብሪካው የሕፃናት ማቆያ ከኮሪደሩ የሚለየው በሰፊ መስተዋት ነበር። ለሥራ ሲያልፉ ሴቶቹ መስተዋቱ ጋ ቆም ይሉና ልጆቻቸውን በአፍ ቅርጽ ያጫውታሉ፤ ልጆቹም አፍ ከመፍታታቸው በፊት ከንፈር ማንበብ ይችላሉ። አንዳንድ ቀን አንዲት ቀጭን ሴት ከአክስቱ ጎን ትቆማለች። ከውጭ የመጣ ሰው ወደ ማቆያው መግባት አይፈቀድለትም፤ የመመለሻ አውቶቡሷም አይጠብቃትም። ግንባሯን መስተዋቱ ላይ ታስደግፍና አንድ ነገር ትላለች። ከንፈሯ ግን በልቡ እንደሚጸልይ ሰው ትንሽ ይነቃነቅና ይቆማል። የሁሉን ሰው አፍ የሚያነበው ልጅ የእሷን ማንበብ አቃተው። ጣቱን ያሽከረክርላታል። እሷ ምልክቱን አታውቀውም፤ የሚሰናበታት መስሏት እጇን ታወዛውዝለትና ትሄዳለች።

ምን እንዳለችው ሳያውቅ ጢም አወጣ።

ዳኛው የሞቱ ጊዜ እናቱ በሌላ ከተማ የራሷን የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ከፈተች። አክስቱ ወሬውን ከራሷ ከእህቷ በስልክ ሰማች።

"ላኪልኝ አለች" አለችው።

"ማንን?"

"ማንን ትላለህ እንዴ! የቤቱን ጣራ ነዋ!"

"አይ… 'ልጄን ላኪልኝ' ነው ያለችው?"

አክስቱ ትከሻዋን ሰበቀች። "እኔ እንጃ። እሷ ስትናገር ተሰምታ ታውቃለች?"

ጡሩምባ ለመሄድ ይቺ ጥርጣሬ በቃችው። ብትልም ባትልም፣ ያቺን "ልጄ" አንድ ቀን ከእሷ አፍ እሰማታለሁ ብሎ ሻንጣውን አነሣ።

ሱቋ መንገድ ላይ ናት፤ ፊት ለፊቷ መስተዋት፣ ከኋላዋ ሁለት ክፍሎች። እናቱ በሩን ስትከፍትለት እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዛ ነው፣ እንዳይንቋቋ። "ደህና መጣህ" አለችው። ልታቅፈው እጇን ዘረጋችና የኮቱን ትከሻ አቃናችለት። ትከሻው ላይ የቀረው እጇ ትንሽ ቆየ። ጡሩምባ ጀርባውን ትደልቀው ይሆናል ብሎ ጠበቀ። እጇን አነሣች።

ለእራት ሾርባ ሠራችለት። እውነትም የሚጣፍጥ ሾርባ ነበር። ጡሩምባ ሦስት ጊዜ ፉት አለና ደስታው ከአንጀቱ ፈነቀለው፦

"እጅዎ ይቆረጥ!"

እናቱ ማንኪያዋን ድምፅ ሳታሰማ አስቀመጠች። ቀስ ብላ ተነሣች፣ ሳህኑን ከፊቱ አነሣች፣ በምትኩ ዳቦና ሻይ አመጣችለት። እሱ ሾርባው ወደ ማድቤት ሲሄድ በዓይኑ ሸኘው። "መጣፈጡን ነው እኮ…" ሊል ፈለገ፤ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ድምፁ ለራሱም ከበደው። በጸጥታ ዳቦውን አኘከ፤ ማኘኩም ጮኸበት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች እንደዚያው ናቸው። ስትጠራው "እባክህ" ትለዋለች፤ "እባክህ ክሩን አቀብለኝ"፣ "እባክህ በሩን"። መንገድ የሚጠየቅ አላፊ አግዳሚ የሆነ መሰለው። እሱም ምን ብሎ እንደሚጠራት አያውቅም። "እማዬ" ለማለት ከእሷ መምጣት ነበረበት፣ እንደ ፈቃድ ነገር። ስለዚህ "እርስዎ" ይላታል።

ግን ደግሞ ጃኬት ትሰፋለት ነበር። ማንም ሳይጠይቃት። የልክ ሜትሩን አውጥታ ከጀርባው ስትቆም ትንፋሿ አንገቱ ላይ ይሰማዋል፤ ጣቶቿ ሳይነኩት በአየር ላይ ይለኩታል። ጡሩምባ ያኔ ዓይኑን ይጨፍናል። ትንሽ ብትቆይ፣ አንድ ነገር ብትል እያለ። ሜትሩ ይጠቀለላል፤ እሷ ወደ ማሽኗ ትመለሳለች። ጧት ሲነሣ ደግሞ ማታ ያራገፈው ጫማ ጎን ለጎን ተደርድሮ ያገኘዋል፣ ክሩም ተፈትቶ። ይህም አንድ ንግግር መሆኑን ማን ይንገረው? እሱ የሚያውቀው የሚጮኸውን ነው።

ነገሩ የፈነዳው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ቀሚሷን ልትሞክር የመጣች ቀን ነው። ወፈር ያለች፣ ኮስታራ፣ ስትገባ ወንበሩ ራሱ ቀጥ ብሎ የሚቆምላት ሴት። መልክ ማያው መስተዋት ፊት ቆማ እጥፋቱን ስታይ ጡሩምባ ከኋላዋ አንገትጌው ላይ የተረሳች መርፌ አየ። ጫፏ ወደ ቆዳዋ ነው። ሴትዮዋ አንዴ ዞር ብትል ወጋቻት። ጡሩምባ አላሰበም፤ እጁ አሰበለት። ሽመናው ክፍል እንደሚደረገው ፊት ለፊቷ ሄደ፣ አገጯን በሁለት ጣት ያዘ፣ ወደ ራሱ አቃናት፣ አፉን ከፍቶ ያለ ድምፅ "አትነቃነቂ!" አላት።

ሴትዮዋ ጩኸቷን አቀለጠችው።

"ምን ዓይነት ድፍረት ነው! እጅህን! ምን አፍህን ትከፍትብኛለህ? ልትነክሰኝ ነው?"

"መርፌ ነው! መርፌ!" አለ ጡሩምባ፤ አሁን ደግሞ በፋብሪካው ድምፅ ነውና ጣራው ተነቃነቀ። መርፌዋን ነቅሎ አሳያት። ማንም መርፌዋን አላየም።

እናቱ በመሀል ገብታ አንገቷን ሰበረች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእህቴ ልጅ ነው። ከፋብሪካ ነው የመጣው።"

"ከፋብሪካም ቢሆን እኮ የሚመጣው ሰው ነው!" ብላ ሴትዮዋ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች።

ጡሩምባ መርፌዋን እንደያዘ ቀረ። የእህቴ ልጅ። ያቺን "ልጅ" የምትል ቃል ስንት ዓመት ጠበቃት፤ መጣችም፣ ግን የሌላ ሰው ሆና መጣች።

"የእህትዎ ልጅ ነኝ?" አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሰ። "እኔ… የእህትዎ ልጅ ነኝ?"

እናቱ አየችው። ዓይኑ ውኃ ሞልቷል። ወዲያው ካውያዋን አነሣችና ፊቷን ወደ ጠረጴዛው አዞረች።

ፊቷን አዞረች፤ እሱ እየተናገራት።

በማግስቱ ለአክስቱ ደወለ። "እቴቴ፣ ልመጣ ነው" ብቻ አላት። አክስቱ ግን የድምፁን ማነስ ሰምታ ደንግጣ፣ ራሷ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣች። በሩን በክርኗ በርግዳ ስትገባ መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ።

"ምነው፣ ሰው ሞቷል እንዴ? ጡሩምባ! አንተ የማትረባ፣ ከሳህ! ምን ሆነህ ነው ድምፅህን እንደ ካልሲ ያጠብከው?" ጀርባውን ደለቀችው። ጡሩምባ በዚያ ምት ውስጥ ቤቱን፣ ሰፈሩን፣ የሽመናውን ክፍል ሁሉ አገኘ፤ ሊያለቅስ ደረሰ። ሁሉንም ነገራት። ከዚያ ሻንጣውን ሊያዘጋጅ ወደ ኋላ ክፍል ገባ።

ሁለቱ እህትማማቾች ሱቁ ውስጥ ቀሩ። ጡሩምባ ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው የአክስቱን ብቻ ነው። የእናቱ ድምፅ አይደርስም። ግን አክስቱ ጆሮዋ ስለሚያስቸግራት የሰማችውን ሁሉ ደግማ ነው የምትመልሰው።

"ለምን ፊትሽን አዞርሽበት? … ምን? ድምፅሽን አውጪ እስቲ! … ሊያለቅስ ነበር? እና? … እንዳታይበት ብለሽ? … ዳኛው ቤት ሰው ሲከፋው ፊት ይዞርለታል? ለክብሩ? … አይ እህቴ። እኛ ጋ እኮ ሰው ሲቀበር ነው እንደዚያ የሚደረገው!"

ጡሩምባ ያጠፈውን ሸሚዝ እንደያዘ ቆመ።

"'የእህቴ ልጅ'ስ? … ምን? … ያሳደግሽው አንቺ ነሽ አልሽ? … ከኔ እንዳትሰርቂ?" የአክስቱ ድምፅ ተሰበረ፤ ተሰብሮም ጮኸ። "ምኑን ነው የምትሰርቂው! እኔ የያዝኩትን ያዝኩ! 'ልጄ' ማለት እኮ አያልቅም፣ የቧንቧ ውኃ ነው እንዴ?"

ከዚያ የአክስቱ ድምፅም መድረስ አቆመ። ጡሩምባ በበሩ ስንጥቅ አሻግሮ አየ። አክስቱ የእህቷን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ራሷ አዙራታለች። ያለ ድምፅ፣ ከንፈሯን ለጥጣ፣ ልክ በመስተዋቱ ፊት ለልጆች እንደሚደረገው አንድ ነገር ታሳያታለች። ጀርባዋ ከልሎት ምን እንደሆነ አላየም።

ሻንጣው ግን ተዘግቶ ነበር። የተዘጋ ሻንጣ ደግሞ ሰውን ይጎትታል። ይዞት ወጣ። እናቱ በሩ ጋ የኮቱን ትከሻ አቃናችለት። "ደህና ግባ" አለችው፤ እሱም "ደህና ይሁኑ" አላት። አክስቱ ቀድማ ወደ አውቶቡሱ ማቆሚያ መንገዱን ተሻግራ ሄዳለች።

ጥቂት እንደሄደ ከኋላው መስተዋት ሲንኳኳ ሰማ። ቀስ ያለ፣ በጣት ጥፍር ጫፍ የተንኳኳ። ዞረ።

እናቱ ከመስተዋቱ ማዶ ቆማለች። ጃኬቱን በሁለት እጇ አንጠልጥላዋለች፤ አንዱ እጅጌ ገና በነጭ ክር እንደተያያዘ ነው። መንገዱ ይንጫጫል፤ መኪናው፣ ሰዉ፣ ሻጩ። ድምፅ ብታወጣም አይሰማም ነበር። አፏን ከፈተች። አልተመቻትም፤ ጥርስ ሐኪም ፊት የተቀመጠች ትመስላለች። ደነገጠችና ዘጋችው። ግራ ቀኝ አየች፣ ሰው ያየኝ ይሆን እንደማለት። ከዚያ እንደገና ከፈተች፣ አሁን ትልቅ አድርጋ። ምላሷ የላይኛውን ጥርሷን ነካ። ከንፈሯ ወደ ፊት ሾለ፣ ተለጠጠ።

ልጄ።

ቀጥላም፦ ጃኬትህ አላለቀም።

ያኔ፣ በማቆያው መስተዋት፣ ያ በልብ የሚጸለይ የመሰለው ነገር ይኼ ኖሯል? ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። ጡሩምባ ሻንጣውን መሬት አኖረ። አንብቧታል፤ ከሽመናው ክፍል ሴቶች ሁሉ የባሰ የተንጋደደ አነጋገር ቢሆንም አንዲት ነገር አላመለጠችውም። ቢሆንም አመልካች ጣቱን አንሥቶ አየር ላይ አሽከረከረ።

እናቱ በዚህ ጊዜ እጇን አላወዛወዘችም። ደገመችለት።

"ጡሩምባ!" አክስቱ ከመንገዱ ማዶ ጮኸች። "አንተ ደንቆሮ! አውቶቡሱ እኮ መጣ!"

ሰማት። ግን ሰው እያናገረው ነበርና ፊቱን አላዞረም። ጣቱን እንደገና አሽከረከረ።