ዶክተሩ ሞቷል

በእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ በስካርበራ ባለችው ትንሿ ቲያትር ቤታችን በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት እናሳይ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚቀጥለውን ሳምንት ተውኔት እንለማመዳለን፤ ከሰዓትና ማታ የያዝነውን ሳምንት ተውኔት እንጫወታለን። ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ከመጋረጃው ጀርባ ጽሑፉን ይዤ ሹክ የምለው እኔ ነኝ። የሰው ጭንቅላት ይህን ሁሉ ይችላል ብሎ ያሰበውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

ቤሪል ኦልድሮይድ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከሀደርስፊልድ መጣች። አባቷ የሱፍ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ "ሲያባርሩሽ ማሽኑ እዚሁ ይጠብቅሻል" ብሎ ነው የሸኛት። የሚሰጣት ሁልጊዜ የገረድ ቦታ ነበር፤ ሻይ አቅርባ ትወጣለች፣ ቃል አትናገርም። አንድ ሳምንት መድረክ ላይ ሳቋ አመለጣት። አለቃችን ሚስተር ጎድበር ጠራትና "አንድ ጥፋት ብትደግሚ ቅዳሜ በባቡር ወደ አባትሽ ነሽ" አላት። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ቀና ብላ ሰው አታይም። አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት የሰርግ ኮሜዲ እያሳየን ነው። አሮጊቶቹ ተመልካቾቻችን እንደ ልማዳቸው ወንበራቸው ላይ ሻይ ይዘዋል። የሙሽራዋን እናት የምትጫወተው ሚስ ኮንስታንስ ፕራይ ናት፤ ለሠላሳ ዓመት ዋና ተዋናያችን የነበረች። ቤሪል ሻዩን አስቀምጣ ወደ በሩ ስታመራ፣ ሚስ ኮንስታንስ ሙሽራዋን "ቀሚሱን ለካሽው?" ብላ መጠየቅ ሲገባት፣

"ዶክተሩ ሞቷል። መርዙን የት አደረግሽው?" አለች።

ጠዋት የተለማመድነው የሚቀጥለው ሳምንት የግድያ ተውኔት ቃል ነው። ሙሽራዋ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔ ሹክ አልኩ፤ ሰሚ የለም። በአዳራሹ የሲኒው ድምፅ ሳይቀር ጸጥ አለ። ቤሪል ከበሩ ተመለሰች።

"እመቤቴ፣ የአይጡን መርዝ ከሆነ ጓዳ ቆልፌበታለሁ። ዶክተሩም ደኅና ናቸው፤ ሳሎን ተቀምጠው ኬካችንን እየጨረሱ ነው። ይልቅ የሙሽራዋ ቀሚስ ገና አልተለካም።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሚስ ኮንስታንስም ነቃች።

መጋረጃው ሲወርድ ጎድበር መጣ።

"ማን ተናገሪ አለሽ?"

"ማንም፣ ጌታዬ። ሻንጣዬን ላዘጋጅ?"

"ተይው። ከሰኞ ጀምሮ በአዲሱ ተውኔት የሚስ ፕራይን ቦታ፣ የዶክተሩን ሚስት፣ አንቺ ትጫወቻለሽ።" ወደ ሚስ ኮንስታንስ ዞረ። "እርስዎ ደግሞ ሻዩን ያቀርባሉ። እንዲቀልልዎት ብዬ ነው።"

እንዲቀልልዎት ይላል። በጥፊ ባጮለው እንዴት ደስ ባለኝ።

ቤሪል ሚስ ኮንስታንስን ተከትላ መልበሻ ክፍል ገባች፤ እኔም ከኋላቸው ገባሁ።

"ሚስ ፕራይ፣ እምቢ እላለሁ።"

"እምቢ ብትይ ለሌላዋ ተዋናይት ይሰጠዋል። እሷ ደግሞ በአፍንጫዋ ነው የምታወራው።" የፊቷን ቀለም እየጠረገች ነበር፤ እንባዋንም አብራ ጠረገችው። "ተቀመጪ። 'ዶክተሩ ሞቷል' በይ።"

"ዶክተሩ ሞቷል።"

"አትቸኩይ፣ የኔ ልጅ። ዛሬ እኔ ስለው ሰዉ እንዴት ጭጭ እንዳለ ሰምተሻል።"

ሰኞ ማታ ሚስ ኮንስታንስ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ ሻዩን አቀረበች፤ ያለ ቃል ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ቤሪል ስትናገር የእሷም ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ አንዲት ቃል አልሳተችም። ቤሪል "ዶክተሩ ሞቷል" ስትል አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ ጠፋ። እኔ አለቀስኩ።

ሚስ ኮንስታንስ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"ገጹን ግለጪ እንጂ" አለችኝ። "ወደ ኋላ ቀርተሻል።"