መቶ ሠላሳ ሦስት ቀን

ጳጉሜን 5 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከሙጃ በላይ ባለችው ደብራችን ደጀ ሰላም የተቀመጥነው አራት ነበርን፤ የደብሩ አለቃ ገብረ ዮሐንስ፣ የባሕረ ሐሳብ መምህሬ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ ዲያቆን ሰይፈ ሥላሴና እኔ ደሳለ።

የኔታ ወልደ ሩፋኤል በዚያ ዓመት የነነዌን ጾም መግቢያ በአንድ ሳምንት ስተው ነበር። አለቃ የመጡት ሊፈትኗቸው ነው። ካለፉ እንደ ልማዳቸው መስከረም አንድ ቀን የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ያውጃሉ። ካልቻሉ ዐዋጁም፣ ማስተማሩም፣ የሚኖሩባት የመምህር ጎጆም ለሰይፈ ሥላሴ ይሆናል።

ጥያቄው አንድ ቁጥር ነበር። ፀሐይ፣ ጨረቃና ዕለታት ሁሉ ተገናኝተው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በ532 ዓመት ነው፤ ዐቢይ ቀመር እንለዋለን። በዚያ ውስጥ ስንት ቀን አለ?

የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አንጓ ይቆጥሩ ጀመር። ሰይፈ ሥላሴ መዘግየታቸውን አይቶ፣ ካልኩሌተር ላበድርዎ ወይ አላቸው።

«የኔ ጣት ባትሪ አይጨርስም፤ ታገሥ» አሉት። ቆይተውም 194,180 አሉ።

በእኛ ቤት ትልቅ ቁጥር የሚመረመረው በሚተርፈው ነው። ዕለታት በሰባት ቀን፣ ጨረቃ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለሚዞሩ፣ ይህ ቁጥር ለሰባትም ለዐሥራ ዘጠኝም ሲካፈል ምንም መትረፍ የለበትም። ሰይፈ ሥላሴ አፈር ላይ በስንጥር እየጻፈ አካፈለ። ለሰባት ምንም አልተረፈም። ለዐሥራ ዘጠኝም ምንም አልተረፈም። አለቃ ደስ ብሏቸው ተነሥተው የየኔታን ትከሻ ሳሙ።

ትክክለኛው ግን 194,313 ነው። ያስተማሩኝም ራሳቸው ናቸው። በየአራት ዓመቱ የምትመጣውን ስድስተኛዋን የጳጉሜን ቀን ረስተዋታል። እንደ እሷ ያሉት በ532 ዓመት ውስጥ 133 ናቸው፤ 133 ደግሞ ሰባት ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ነው። ስለዚህ ቢቀነሱም ትርፍ አያመጡም፤ ስሕተቱን ሁለቱም ፈተናዎች አያገኙትም።

አለቃ ወደ እኔ ዞረው የምለው ካለኝ ጠየቁኝ። ጎጆዋን አሰብኩ።

«የለኝም» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ውኃ ልቀዳላቸው ስሄድ ጎጆዋ ባዶ ነበረች። የኔታን ያገኘኋቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ነው። የበዓል ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዘመነ ዮሐንስ መግባቱን እያወጁ ነበር። ከሁለት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች በቀር የሚሰማቸው አልነበረም። ሴቶቹ ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው ያዩአቸዋል።

«ደሳለ፣ ሕዝቡ የት ሄደ?» አሉኝ።

«ዛሬ ጳጉሜን ስድስት ነው፣ የኔታ።»

አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ ተንቀሳቅሶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ትናንት አውቀህ ነበር?»

«አዎን።»

«ትናንት ቢሆን በሦስት ሰው ፊት ብቻ ነበር የማፍረው» አሉ።

ወሬው ከሴቶቹ ጋር ቁልቁል ወረደ። መስከረም አንድ ቀን አጽዋማቱን ያወጀው ሰይፈ ሥላሴ ነው። የኔታ በጥቅምት ወገል ጤና ወዳለችው ልጃቸው ወደ ይማርሽ ሄዱ።