በክብ የተፈረመው ማመልከቻ

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል መስኮት አልነበረውም። አንሶላው ሲቀቀል እንፋሎቱ መውጫ እያጣ የአሥራ ስድስቱን ሴቶች ደረት ያፍናል። አምና ከሴቶቹ አንዷ፣ የልብስ ተኳሿ ታላቅ እህት፣ "መስኮት ይከፈትልን" የሚል ማመልከቻ ላይ ቀድማ ስለፈረመች፣ "አንቺ ነሽ የምታሳድሚው" ተብላ በሳምንቱ ተባረረች። ከዚያ ወዲህ ልብስ ተኳሿ አንገቷን ደፍታ፣ አፏን ይዛ ትሠራ ነበር።

ዘንድሮ አንዲት አጣቢ በሥራ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሴቶቹ በምሳ ሰዓት ተሰብስበው "መስኮት ይከፈት፣ የተባረረችውም ትመለስ" ብለው ጻፉ። መፈረም ሁሉም ፈልገዋል፤ ቀድሞ መፈረም ግን ማን ይድፈር? ወረቀቱ ከእጅ እጅ ሲዞር፣ ልብስ ተኳሿ ባዶ የሳሙና ጣሳ አንስታ ወረቀቱ ላይ ደፋችና ዙሪያውን በእስክሪብቶ አሰመረች።

"በዚህ ዙሪያ እንፈርማ! እስቲ የክብ መጀመሪያው የት ነው?"

"አንቺ! ዝም ብለሽ ይህን ስታውጠነጥኚ ነበር ለካ!" አሉ ትልቋ አጣቢ። ሳቁ ክፍሉን ሞላው፤ ሁሉም ፈረሙ።

በማግስቱ ማመልከቻው የደረሳቸው የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ወረቀቱን እንደ መኪና መሪ እያዞሩ መነሻውን ቢፈልጉ አጡት። ሲጨንቃቸው ፈሪ የመሰለቻቸውን ልብስ ተኳሿን አስጠሩ።

"የልጆች እናት ነሽ። እንደ እህትሽ እንዳትሆኚ፣ ማን እንደጀመረው ንገሪኝ።"

"አላውቅም" ልትል አፏን ስትከፍት የወጣው ቃል ግን ሌላ ሆነ።

"እኔ ነኝ።"

ሌሎቹ ለካ ከበሩ ውጪ ጆሯቸውን ጥለው ኖሯል። "ኧረ እኔ ነኝ!" ብለው ትልቋ አጣቢ ዘው አሉ። "ምን ሲደረግ! እኔ ነኝ እንጂ!" አለች ሦስተኛዋ። ቢሮው ውስጥ መቆሚያ ጠፋ።

"ሁላችሁንም አባርራለሁ!" ብለው ጮኹ አስተዳዳሪው።

"ያባርሩና!" አሉ ትልቋ አጣቢ። "የነገውን የቀዶ ጥገና አንሶላ እርስዎ ያጥቡታላ!"

አስተዳዳሪው ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው ማመልከቻውን የሚፈቅዱበት እስክሪብቶ ጠየቁ።

በሳምንቱ ግንበኞች ግድግዳውን ነደሉት። ቀዝቃዛ ነፋስ ገብቶ እንፋሎቱን ጠራርጎ ሲያወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ወደ ሥራዋ የተመለሰችው እህት በአዲሱ መስኮት አንገቷን አውጥታ መንገደኛውን ሁሉ "እንደምን ዋላችሁ!" ትል ጀመር። ልብስ ተኳሿ ከጎኗ ቆማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።